የጋሽ ሠረቀብርሃን አንድ ፋይል

ጋሽ ሠረቀብርሃን ኮምፒውተራቸውን በባጃጅ ጭነው ዲላ ከተማ ካለው የኸይረዲን የጥገና ሱቅ ደጃፍ ሲወርዱ፣ ፊታቸው ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው ፊት ነበር። ጊዜው ሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ጥቅምት ነው። በጌዴኦ ጓሮዎች ቡናው ቀልቷል፤ የኮንጋ፣ የሬኮና የባንኮ ጎቲቲ ማጠቢያ ጣቢያዎች ሰኞ ሥራ ይጀምራሉ። ሰው ሁሉ ለቡናው ወዲያ ወዲህ በሚልበት በዚህ ሳምንት የሦስቱ ጣቢያዎች መዝገብ የሚያዝበት የእኒህ ሰው የቢሮ ኮምፒውተር ጭስ ተፍቶ ዝም አለ።

ኸይረዲን ከፍቶ አየውና ራሱን ነቀነቀ። «ጋሽ ሠረቀ፣ ይሄስ አልቆለታል። ደግነቱ ዲስኩ አልተነካም፤ ውስጡ ያለውን ሁሉ በፍላሽ እገለብጥልዎታለሁ። ለቢሮው አዲስ ኮምፒውተር መጥቶላችሁ የለም እንዴ?»

«መጥቶልናል። ግን የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሌላ ሥርዓት ነው። የእኔን ፕሮግራም አያውቀውም፤ እኔም እሱን አላውቀውም» አሉ ጋሽ ሠረቀብርሃን በርጩማው ላይ እየተቀመጡ።

ይህን ሲሉ፣ ስልኳን ለማሠራት ቆማ ትጠብቅ የነበረች አንዲት ወጣት ዞር አለች። ኤልቤቴል ትባላለች፤ የሬኮ ገበሬ ልጅ ናት። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃ በአንድ ኮሌጅ የምታስተምር ሲሆን፣ ከጋሽ ሠረቀብርሃን ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ከእርሳቸው ጋር ግን ከሰላምታ ያለፈ ጨዋታ ኖሯቸው አያውቅም።

«ይቅርታ ጋሼ፣ በምንድን ነው የተጻፈው?»

«በሲ ቋንቋ ነው ልጄ። አዲስ አበባ ሥልጠና ሄጄ ስመለስ እኔው ራሴ ጻፍኩት። የእያንዳንዱ ጣቢያ ቡና መቼ እንደገባ፣ በየትኛው የማድረቂያ አልጋ እንደደረቀ፣ በየትኛው መጋዘን እንዳደረ ይይዛል። የሬኮ ቡና የሬኮ ተብሎ፣ የኮንጋም የኮንጋ ተብሎ የሚሸጠው በዚህ ነው። አሁን ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሽብሩ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹እስከ ዓርብ ማታ በአዲሱ ኮምፒውተር ካልሠራ ፕሮግራሙን እንተወውና የዘንድሮውን ቡና ሁሉ በአንድ ስም እናስገባ› አለኝ።»

«የሬኮም ቡና ከሌላው ሊደባለቅ ነው ማለት ነው?»

«ይደባለቃል።»

ኤልቤቴል ስልኳን ረሳችው። እናትና አባቷ እሸቱን አንድ በአንድ እየለቀሙ የሚያቀርቡት ለዚያ ጣቢያ ነው፤ «የሬኮ ቡና» ሲባል በሬዲዮ ስሟ የተጠራ ያህል ደስ የሚላት ልጅ ናት። በማግስቱ ሐሙስ ማስተማር ስለሌለባት ቢሮ መጥታ ልታየው ትችል እንደሆነ በትሕትና ጠየቀች። ጋሽ ሠረቀብርሃንም ፈቀዱላት፤ የፈቀዱት ግን ተስፋ አድርገው ሳይሆን ሌላ መንገድ ስላጡ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ፍላሹን ሰክተው ፕሮግራሙን ከፈቱት። አንድ ፋይል ብቻ ነው። ኤልቤቴል ወደ ታች ብትወርድ፣ ብትወርድ አያልቅም። ኮምፓይል እንዲያደርግ፣ ማለትም ወደ ኮምፒውተሩ ቋንቋ እንዲተረጉመው፣ ስታዘው ኮምፒውተሩ ገና ከመጀመሩ ኮኒዮ የሚባለውን ሄደር ፋይል አላገኘሁም ብሎ ቆመ። ያ ሄደር በድሮው ኮምፒውተር ላይ ማያውን፣ ማለትም ስክሪኑን፣ ለማጽዳትና ጽሑፉን በተፈለገው ቦታ ለማስቀመጥ የሚያገለግል ነበር።

«ጋሼ፣ ፕሮግራምዎ ጤነኛ ነው» አለች። «እዚህ ኮምፒውተር ላይ የሌለው ማያ ላይ የሚጽፈው ክፍል ብቻ ነው። ችግሩ ያ ክፍል ፋይሉ ውስጥ በየቦታው ገብቷል። ለምን አንለያየውም? ማያውን የሚመለከተው በአንድ ፋይል፣ ሚዛኑ በሌላ፣ የማድረቂያ አልጋው በሌላ፣ መጋዘኑም ለብቻው ይሁን። ከዚያ ለአዲሱ ኮምፒውተር የምንቀይረው የማያውን ፋይል ብቻ ይሆናል።»

ጋሽ ሠረቀብርሃን ቅር አላቸው። «ደህና የቆመ ቤት አፍርሺ አልኩሽ እንዴ? እኔ አንዱን ፋይል ከፍቼ ሁሉን አያለሁ። ከተበታተነማ ማን ያገኘዋል? መብራት ሄዶ አንዱ ቢበላሽስ?»

«ሁሉም አንድ ላይ ሆኖ መብራት ቢሄድስ ጋሼ?»

ጋሽ ሠረቀብርሃን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ይህን ስጽፍ እኮ አንቺ አልተወለድሽም ይሆናል።»

«ተወልጃለሁ፤ ማንበብ ግን አልችልም ነበር» አለችና ፈገግ አለች። «አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሚዛኑን ሲያስተካክሉ መጋዘኑ ተበላሽቶብዎት አያውቅም?»

ጋሽ ሠረቀብርሃን መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። እውነቱን እናውራ ካልን ተበላሽቶባቸው ያውቃል፤ ደጋግሞ። የኮንጋ ጣቢያ ተጨማሪ የማድረቂያ አልጋዎች ይግቡልን ብሎ ከጠየቀ ቆይቷል፤ እርሳቸው ግን ዛሬ ነገ እያሉ አቆይተውታል። ሰው ሁሉ ሥራ በዝቶባቸው ይመስለዋል። እርሳቸው ደግሞ የገዛ ፕሮግራማቸውን መንካት ፈርተው ነበር። ብዙ የሚያውቅ ሰው በሠራው ሥራ ፊት ፈሪ ሲሆን ማየት ያሳዝናል፤ ብዙ ቢሮዎቻችን ውስጥ ያለውም ፍርሃት ይኸው ነው።

«ለያዪው እስቲ» አሉ በመጨረሻ። «ባይሆን አብረን እንለያየው።»

እርሳቸው እያመለከቱ፣ እርስዋ እየጻፈች፣ አንዳንዴም ወንበር ተለዋውጠው እርሳቸው እየጻፉ ሥራውን ተያያዙት። ለየፋይሉ ሁሉ የሚያገለግል አንድ ሄደር ፋይልም አዘጋጁ።

«ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል?» አሉ።

«ይሄ ቃል የሚሰጥበት ነው ጋሼ። ‹ሚዛን የሚባል ፈንክሽን አለ፤ ይሄን ይቀበላል፤ ያንን ይመልሳል› ብሎ ለሌሎቹ ይናገራል። ሥራው ራሱ ያለው ግን በሚዛኑ ፋይል ውስጥ ነው።»

ከምሳ በኋላ ኮምፓይል አደረጉ። የስህተቱ ብዛት የጉድ ነበር፤ ማያው ሞልቶ፣ እየተንከባለለ አልፎ፣ እንደገና ሞላ። ጋሽ ሠረቀብርሃን «አላልኩሽም?» የሚል ፊት አሳዩና የመጨረሻውን መስመር አንብበው፣ የተባለውን ቦታ በመጋዘኑ ፋይል ውስጥ ፈልገው ለመቀየር እጃቸውን ሰደዱ።

«ጋሼ፣ ቆይ። ለምን ከታች ይጀምራሉ?»

«ከየት ልጀምር ታዲያ? ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምሠራው። ያ ኮምፒውተር ማያው አጭር ስለነበር ከላይ ያለው አልፎ ይጠፋል፤ የሚታየኝ የመጨረሻው ነው። የሚታየኝን አስተካክላለሁ።»

«ሲያስተካክሉትስ ይቀንሳል?»

«አንዳንዴ ይጨምራል» አሉ ሳይወዱ።

ኤልቤቴል ጥቂት አሰበች። በዕድሜ አባቷ የሚሆንን ሰው ተሳስተዋል ማለት ለእንደ እርስዋ ያለች ልጅ ቀላል አይደለም። ግን አንድ ነገር ትዝ አላት።

«ጋሼ፣ እርስዎ የዕድራችን ዳኛ ነዎት። ባለፈው እሑድ ጎረቤቶቻችን ሩቂያና እትዬ የትምወርቅ በፍሳሹ ውሃ ተጣልተው ደጅዎ ሲመጡ ክፍሌ ሆኜ እሰማ ነበር። እትዬ የትምወርቅ ‹ዛሬ ሰድባኛለች› ብለው ሲጀምሩ ምን አሏቸው?»

«‹ስድቡ ይቆየን፤ ውሃው መጀመሪያ ከማን ግቢ ወጣ?› አልኳቸው።»

«ለምን?»

«የኋላው ጭቅጭቅ ከፊተኛው የመጣ ነዋ። መጀመሪያውን ካወቅሽ የቀረው ብዙውን ጊዜ በራሱ…» ብለው ነገሩን ሳይጨርሱት ቀና አሉና አይዋት። ከዚያ ማያውን አዩ። ዳኝነቱን የሚያውቁት ሰው እዚህ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ዳኝነታቸውን ደጅ ጥለው እንደሚገቡ ማንም ነግሯቸው አያውቅም ነበር።

«ወደ ላይ መመለስ ይቻላል?» አሉ።

«እዚህኛው ላይ ይቻላል።»

የመጀመሪያው ስህተት ያመለከተው ሄደር ፋይሉን ነው። የአንዱን ጣቢያ ቡና ዝርዝር የሚይዘው ክፍል ማቀፊያ ቅንፉ ተከፍቶ ሳይዘጋ ቀርቷል። ሄደሩን የሚጠራው እያንዳንዱ ፋይል ያንን ያልተዘጋ ማቀፊያ ይዞ ስለሚገባ፣ ሁሉም በየፊናው ይጮህ ኖሯል። ጋሽ ሠረቀብርሃን በገዛ እጃቸው ዘጉት። እንደገና ኮምፓይል ሲደረግ ያ ሁሉ መዓት ጠፍቶ አንዲት አጭር መልእክት ብቻ ቀረች።

«እንዴ» አሉና ወንበራቸውን ወደ ማያው አስጠጉ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የቅሬታው ፊት ጠፍቶ የልጅ ዓይነት የማወቅ ጉጉት መጣባቸው። «የቀረችውስ ምን ትላለች? ይቺ ደግሞ የመስመር ቁጥር የላትም።»

«ይቺ የሌላ ሰው ናት። እስካሁን የሚናገረው ኮምፓይለሩ ነበር፤ እሱ እያንዳንዱን ፋይል ለየብቻ ነው የሚያየው። ሁሉም ካለፉለት በኋላ ሊንከሩ ይመጣና ይገጣጥማቸዋል። አሁን ሊንከሩ ‹ሁላችሁም ሚዛንን ትጠራላችሁ፤ ሚዛን የታለ? አላገኘሁትም› እያለ ነው።»

«ጻፍነው እኮ። በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«ጽፈነዋል። ግን ከሌሎቹ ጋር ገጣጥመው ብለን አልሰጠነውም።»

ጋሽ ሠረቀብርሃን ሳቁ። «ገባኝ። በአንድ ሽማግሌ ለቅሶ ጊዜ በዕድራችን የሆነው ነው። ድንኳኑ ይመጣል ተባለ፤ ሁሉም ቃሉን አምኖ ወንበሩን ደረደረ። ድንኳኑ ግን መጋዘን ተቆልፎበት ቀረ። ጥፋቱ የወንበሩ አልነበረም።»

«ልክ እንደሱ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነው፤ ስህተቱ ከአንዱ ፋይል ውስጥ ነው ወይስ ከመገጣጠሙ? መጀመሪያ ያንን ከለየን የምንፈልግበትን ቦታ እናውቃለን።»

ኤልቤቴል በየጊዜው የየፋይሉን ስም ሲዘረዝሩ አንዱን እንዳይረሱ፣ በፎልደሩ ውስጥ ያለውን የሲ ፋይል ሁሉ ሰብስቦ የሚገጣጥም አጭር ማዘዣ ጻፈች። ልትሞክረው ስትል መብራት ጠፋ። እስከ ምሽት አልመጣም።

ዓርብ ጠዋት ኤልቤቴል ስታስተምር፣ ጋሽ ሠረቀብርሃን ቢሮ ገብተው ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከፍተው አዩ። ሁሉም ደህና ናቸው። መብራቱ ግን ተመልሶ ሊሄድ ይችላል። የዲላን መብራት የሚያውቅ ሰው ሁሉ አንድ ልማድ አለው፤ የጻፈውን በሌላ ስም እዚያው ጎኑ ገልብጦ ያስቀምጣል። እርሳቸውም ያንን አደረጉና ልባቸው አርፎ ሻይ ሊጠጡ ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ኤልቤቴል መጣች። አቶ ሽብሩም ነገሩን ሊያይ ገብቶ ከኋላቸው ቆመ። ደግ ሰው ነው፤ ሲቸኩል ግን ደግነቱ ከኋላ ይቀራል። ልጅቷ ማዘዣዋን አስነሳች። ማያው ከዳር እስከ ዳር በስህተት ተሞላ፤ ከሐሙሱ የባሰ ነበር።

ኤልቤቴል ደነገጠች። «ትላንት አንዱ ነበር የጠፋው» አለች ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «ዛሬ ሁሉም ከአንድ በላይ ሆነው ተገኝተዋል እያለ ነው። እኔ ስከፋፍለው የሆነ ነገር… አላውቅም።»

«እንግዲህ» አለ አቶ ሽብሩ ሰዓቱን እያየ፣ «አቶ ሠረቀብርሃን፣ እርስዎ በአንድ ፋይል ሲይዙት ስንት ዓመት ሠርቷል። ልጅቷ ለቅን ነገር ብላ ነው፤ እሷም አትቀየመኝ። ቡናው ግን ሰኞ ይገባል። ዘንድሮ በአንድ ስም እናስገባውና ይለፍ።»

ለኤልቤቴል አባቷ ሬኮ ላይ ቅርጫቱን ሲያወርድ ታያት፤ ከዚያ በኋላ ያ ቡና የማን እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም።

ጋሽ ሠረቀብርሃን በበኩላቸው እጃቸውን ወደ ቁልፎቹ ሰደዱና ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ እስከ መጀመሪያው መስመር ተመለሱ። መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡት። እንዲህ ይላል፤ ሚዛን በሁለት ቦታ ተሠርቷል፤ አንዱ ሚዛን በሚባለው ፋይል፣ ሌላው ሚዛን ሠረቀ በሚባለው ፋይል። ስማቸው እዚያ ላይ ነበር። ጠዋት የገለበጡት መጠባበቂያ ነው።

ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። አቶ ሽብሩ ጥፋቱን በመከፋፈሉ ላይ አድርጎታል፤ ልጅቷም ራስዋ ተቀብላዋለች። «አላልኩሽም?» ለማለት ከዚህ የተመቸ ጊዜ አይገኝም። እርሳቸውም ሰው ናቸውና ሐሳቡ ለቅጽበት መጣባቸው። ከዚያ ግን የእሑዱ ዳኝነት ትዝ አላቸው። ውሃው የወጣው ከእርሳቸው ግቢ ነው።

«አቶ ሽብሩ፣ ትንሽ ይታገሡን» አሉ። «ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። መብራት ይሄዳል ብዬ ሁሉንም ገልብጬ እዚሁ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። የሚገጣጥመው ደግሞ ዋናውንም ቅጂውንም ሰበሰበና የቱን ልውሰድ አለ።»

ኤልቤቴል ጠጋ ብላ አየችው፤ ፊቷ ተመለሰ። «የእኔም ጥፋት አለበት ጋሼ። ማዘዣውን ‹ፎልደሩ ውስጥ ያገኘኸውን ሁሉ ሰብስብ› ያልኩት እኔ ነኝ። ምን እንዳለ ማየት ነበረብኝ።»

«ታዲያ መጠባበቂያ አያስፈልግም ልትዪኝ ነው?»

«ኧረ ያስፈልጋል። ቦታው ሌላ ይሁን እንጂ። ፍላሽ ላይ ያስቀምጡት፤ ፍላሹንም ቤትዎ ይውሰዱት። እዚህ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ከሆነማ ኮምፒውተሩ ሲጨስ አብሮ ይሄዳል።»

ቅጂዎቹ ወደ ፍላሽ ሄዱ። ኤልቤቴል ከወንበሩ ተነሥታ ለእርሳቸው ለቀቀችላቸው። ጋሽ ሠረቀብርሃን ማዘዣውን ጻፉና ጠበቁ። ኮምፒውተሩ የየፋይሉን ስም ጠራርቶ ዝም አለ።

«ምን አለ?» አለ አቶ ሽብሩ።

«ምንም አላለም» አሉ ጋሽ ሠረቀብርሃን።

«ምንም ካላለስ?»

«የሚከፋው ነገር አጣ ማለት ነዋ።»

ፕሮግራሙን አስነሱት። ማያው ጸዳና የሦስቱ ጣቢያዎች ስም እያንዳንዱ በየቦታው ወጣ። ከታች በላቲን ፊደል የድሮው ጽሑፍ አለ፤ «ያዘጋጀው፦ ሠረቀብርሃን» ይላል። ጋሽ ሠረቀብርሃን ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ለመደበቅም አልሞከሩ። አቶ ሽብሩ ያለፈውን ዓመት የሬኮ ቡና መዝገብ እንዲያወጡለት ጠየቀ። ወጣለት። «እንግዲያው የየጣቢያው ቡና በየስሙ ይግባ» ብሎ ወደ ሌላው ጥድፊያው ሄደ።

«እኔ እንኳ ከፋፍሎ መጻፍ የወጣቶች ፋሽን ይመስለኝ ነበር» አሉ ጋሽ ሠረቀብርሃን ብቻቸውን ሲቀሩ። «አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ሊንከሩ የነገረኝን በአንዱ ፋይል ጊዜ የሚነግረኝ አልነበረም። ስህተቴ ያለበትን ቤት በስሙ ጠርቶ አሳየኝ።»

«ደግሞ ሌሎቹን አልነኩም።»

«አልነካሁም።»

ጥቅሙን ለመናገር ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ የሆነውን ማየት ይበቃል። በዚያው ሰሞን የኮንጋ አልጋዎች፣ ያን ያህል ጊዜ የተለመኑት፣ በአንድ ጠዋት ገቡ፤ የተከፈተው የአልጋው ፋይል ብቻ ነበርና መጋዘኑም ሚዛኑም ምንም አልሆኑ። አንዱ ሠራተኛ ታምሞ ሲቀር ሌላው የሚሠራው ፕሮግራም ሆነ፤ ምክንያቱም አሁን አዲስ ሰው ሁሉን ሳያነብ ከአንዱ ክፍል ሊጀምር ይችላል። ስህተት በመጣ ጊዜ ማንም አይደነግጥም። ወደ ላይ ይመለሳሉ፤ የመጀመሪያውን ያነባሉ፤ ከፋይሉ ነው ከመገጣጠሙ ብለው ይጠይቃሉ፤ አንዱን ብቻ አስተካክለው እንደገና ይሞክራሉ። ከሁሉ በላይ ግን ጋሽ ሠረቀብርሃን የገዛ ሥራቸውን መፍራት ተዉ።

ሰኞ ጠዋት፣ የመጀመሪያው እሸት ወደ ጣቢያዎቹ በሚገባበት ቀን፣ ኤልቤቴል ወደ ኮሌጁ ስትሄድ ደኅና መሆኑን ለማየት ቢሮው ጎራ አለች። ፕሮግራሙ ተከፍቷል። ከታች ያለው መስመር ረዝሟል፤ «ያዘጋጁት፦ ሠረቀብርሃን እና ኤልቤቴል» ይላል።

ልጅቷ ቆማ ቀረች። «ጋሼ፣ ይሄን ማን አስገባው?»

«እኔ ነኛ። ቅዳሜ ብቻዬን መጥቼ የማያውን ፋይል ከፈትኩ።»

«ስህተት አልመጣብዎትም?»

«መጣ እንጂ፤ ሞልቶ ነበር» አሉ ወንበር እየሳቡላት። «ከላይ ጀምሬ አነበብኩት።»